ነፋስ ላይ ማኅተም የሚመታልኝ ቢሮ አጣሁ

ለተከበራችሁ የቢቸናና የሞጣ ጥምር የማራቶን ሯጮች መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና አባላት በሙሉ፤
በያላችሁበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ፤ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ሚያዝያ ከእኛ ከሞጣ ስትመለሱ ፀሐዩ ራስ ምታት እንዳልለቀቀባችሁ፣ አቧራውም ደረታችሁ ላይ እንዳልቀረ ተስፋ አደርጋለሁ። የተቀመጣችሁበት ድንኳን በአንድ ወገን ክፍት ስለነበረ ነፋሱ እየገባ ሲያስቸግራችሁ፣ የክቡር እንግዳውም ባርኔጣ ሁለት ጊዜ ወድቆ በሁለተኛው እስከ በግ ተራው ድረስ ሲንከባለል በዓይኔ ስላየሁ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ጤናችሁ ሳላስብ ውዬ አላውቅም። ባርኔጣው በሰላም ወደ ባለቤቱ መመለሱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

እኔ ሳብሪያ ሰይድ እባላለሁ፤ ሞጣ ገበያ መግቢያ ላይ ከባለቤቴ ከአብዱልሐኪም ጋር ጨርቅ እሸጣለሁ። ስለ ሩጫ የተማርኩት ነገር የለኝም። የማውቀው ልጄ ሀኒያ ጎህ ሲቀድ ስትወጣና ስትመለስ ያየሁትን፣ ማታ እግሯን ሳሽላት የሰማሁትን ያህል ብቻ ነው። ሀኒያን እናንተም ታስታውሷት ይሆናል፤ በሞጣው ማራቶን ከሴቶቹ አንደኛ የወጣችው፣ እናንተም ቆማችሁ አጨብጭባችሁላት፣ የግድግዳ ሰዓት ሸልማችኋት፣ አብራችኋት ፎቶ ተነስታችሁ፣ ኋላም በገባችበት ሰዓት ምክንያት አልተመረጥሽም ያላችኋት ልጅ ናት። በአንድ አፍ አንደኛ ወጣሽም ዘገየሽም ማለት ለማንም የሚሰጥ ችሎታ አይደለምና፣ አድናቆቴን ሳልገልጽ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ከእናንተ ሌላም ሰው ሊያነበው ይችላልና፣ ነገሩን ከሥሩ እንዳስረዳ ፍቀዱልኝ። ለአትሌቶች ማሰልጠኛ ካምፕ ከአካባቢያችን አራት ሴቶች እንዲመረጡ ተወሰነ። ውድድሩ የት ይደረግ ሲባል ቢቸናዎች እኛ ጋ ይሁን አሉ፤ እኛም የሞጣ ሰዎች እኛ ጋ አልን። በአገራችን ደግሞ እንግዳ ልቀበል ብሎ የተነሳን ከተማ አይሆንም ማለት ፊት እንደ መንሳት ስለሚቆጠር፣ እናንተ ማንንም ላለማስከፋት ስትሉ ሁለት ማራቶን አዘጋጃችሁ፤ አንዱን በቢቸና፣ ሌላውን ከሳምንት በኋላ በሞጣ። የቢቸና ልጅ በቢቸና ሮጠች፣ የሞጣ ልጅ በሞጣ ሮጠች። ከዚያም የሁለቱን ውድድር ሰዓት አንድ ላይ ቀላቅላችሁ ከላይ ያሉትን አራቱን ወሰዳችሁ። አራቱም የቢቸናዎቹ ሆኑ። የእኛዋ አንደኛ ከአራተኛዋ በግማሽ ደቂቃ ያህል ዘግይታ አምስተኛው ላይ ተቀመጠች። ሀኒያ በሚመጣው ዓመት ዕድሜዋ የካምፑ መመሪያ ከሚፈቅደው ስለሚያልፍ፣ ይህ የመጨረሻ ዕድሏ ነበር።

ነገሩ ይኸው ነው። ማንንም ላለማስከፋት ብላችሁ ባደረጋችሁት ነገር የተከፋችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ከሁለት ከተማ ሕዝብ መካከል ይህ እጅግ ትንሽ ነውና ልትመሰገኑ ይገባል።

ቅሬታዬን በቁጥር እንዳስቀምጥ የመከሩኝ የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ ይታያል ናቸው። ቁጥር የሌለው ቅሬታ ለመመለስ ያስቸግራል ስላሉኝ፣ ቁጥር ያለው ቅሬታ ደግሞ እንዴት እንደሚመለስ ለማየት ስለ ጓጓሁ፣ እንደ ምክራቸው አድርጌያለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መነሻው ሰዓት። የቢቸናው ማራቶን ገና ጎህ ሲቀድ እንደ ተጀመረ ሰምቻለሁ። ክቡር እንግዳው እዚያው ቢቸና ስላደሩ ከአልጋቸው ተነስተው የማስጀመሪያውን ባንዲራ ማውለብለብ ብቻ ነበር የቀራቸው። ሰማዩ ደመና ለብሶ፣ አየሩ ቀዝቅዞ፣ ሌሊቱን የጣለው ካፊያም አቧራውን አስተኝቶት ነበር ይባላል። እንኳን ደስ ያላችሁ። የእኛም በዚያው ሰዓት እንዲጀመር ማስታወቂያ ተለጥፎ ስለነበረ ሯጮቹ ጨለማው ሳይለቅ ተሰበሰቡ። እናንተ ግን ከቢቸና ስትመጡ ደብረ ወርቅ ላይ ቁርስ ሳትቀምሱ አታልፉም ተባላችሁ። ይህን እረዳለሁ፤ የእኛ አገር ሰው በበራፉ የሚያልፍን እንግዳ ጦሙን አይሰድም፤ እንግዳውም እምቢ ቢል ቂም ይሆናል። ሆኖም ቁርሱ ምን ዓይነት ቁርስ እንደነበረ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ እናንተ ሞጣ ስትደርሱ አንዳንዱ ገበያተኛ የያዘውን ሸጦ ወደ አገሩ መመለስ ጀምሮ ነበር።

ያለ ክቡር እንግዳ ውድድር ማስጀመር ደግሞ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ልጆቹ በሩጫ ልብሳቸው ተሰልፈው እንደ ቆሙ ምርቃት ተደረገ፤ ሼኹም መረቁ፣ ቄሱም መረቁ፣ እኛም አሜን አልን። ቀጥሎ መሪጌታ ስጦታው ለክቡር እንግዳው ቅኔ እንዲያበረክቱ ተጋበዙ። መሪጌታ ስጦታው ዕድሜያቸውን በሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ተነሱ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ወደ ሯጮቹ ተመለከቱና "ቅኔው የትም አይሄድ፤ ይልቅስ እነዚህን ልጆች ልቀቋቸው፣ ፀሐይ ሊፈጃቸው ነው" ብለው ሳይቀኙ ተቀመጡ። የሞጣ ሰው ቅኔ ሳይሰማ ያጨበጨበው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። ኮሚቴው ግን ለቅኔው የተያዘው ሰዓት ባክኖ እንዳይቀር በማሰብ አንድ አባሉን አስነሳ፤ እሳቸውም ስለ ሰዓት አክባሪነት ባህል ሰፋ ያለ ንግግር አደረጉ። ንግግሩ መልካም ነበር። በመካከሉ ሀኒያ ደጋግማ ከንፈሯን በምላሷ ስታረጥብ አይቻለሁ፤ በንግግሩ ልቧ ተነክቶ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፤ ስለ መንገዱ። የቢቸናውን መንገድ ሸቀጥ ለማምጣት ስለምመላለስበት አውቀዋለሁ። መነሻው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሆኖ ወደ ከተማው ቀስ እያለ የሚወርድ፣ አስፋልቱም ገና ያልተበላ ነው። እዚያ የሮጡት በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ እያዘቀዘቁ፣ ለስለስ ያለውንም ነፋስ ከኋላቸው አድርገው ነው። የእኛ ግን ደርሶ መልስ ሆነ፤ ክቡር እንግዳው መነሻውንም መድረሻውንም ከአንድ ወንበር ላይ ሆነው ማየት አለባቸው ተባለ። እናም ልጆቻችን ቁልቁለቱን ወርደው፣ ጠጠሩን ይዘው ሄደው፣ ያንኑ ጠጠር ረግጠው፣ ያንኑ ቁልቁለት ዳገት አድርገው ተመለሱ። ይህን ለአቶ ይታያል ሳስረዳ "እትዬ ሳብሪያ፣ የወረዱትን ያህል ነው የወጡት፤ ታዲያ ምን ጎደለባቸው?" ብለውኛል። እሳቸው ግን ይህን የጠየቁኝ የቢሯቸውን ደረጃ አብረን ስንወጣ፣ ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ መሐል ላይ ቆመው ነበር፤ ቀደም ሲል ያንኑ ደረጃ ሲወርዱ ያየኋቸው እያፏጩ ነው።

ቀኑም የገበያ ቀን ነበር። ሕዝብ እንዲበዛ ብላችሁ መርጣችሁት ነው፤ ሕዝቡም በዛ፣ አህያውም ከሕዝቡ ጋር መጣ። ሀኒያ ወደ መድረሻው ስትቃረብ እህል የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውት አገኘቻቸውና በቦዩ በኩል ዞራ፣ ድንጋይ እየዘለለች አለፈች። ከባለ አህዮቹ አንዱ "አንቺ ልጅ፣ ማን አሳደደሽ?" ብሎ ጠይቋት ነበር። እስካሁን መልስ አልሰጠችውም።

ሦስተኛ፤ ስለ ነፋሱ። የሞጣ ነፋስ በሚያዝያ ቀትር ሳይቃረብ አይነሳም። ይህን ለማወቅ ጨርቅ ነጋዴ መሆን ይበቃል፤ በራፍ ላይ የሰቀልነውን ሻሽና ነጠላ መሰብሰብ የምንጀምረው በዚያ ሰዓት ነው። ውድድሩ በሰዓቱ ተጀምሮ ቢሆን ልጆቹ ነፋሱ ሳይነሳ ገብተው፣ ታጥበው፣ ምሳቸውን በልተው ነበር። አልሆነም። ሲሄዱ ዝም ብሎ የሸኛቸው አየር ሲመለሱ ነፋስ ሆኖ ዳገቱ ላይ ፊት ለፊት ጠበቃቸው፤ አቧራውንም ይዞ ነው የጠበቃቸው። ሀኒያ የምትሮጠው ሻሽ አስራ ነው። ሻሿን ቀለል ካለ ጨርቅ፣ ነፋስ እንዳይገባበት አድርጌ የሰፋሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ስንት ጊዜ ፈትቼ እንደገና እንደ ሰፋሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ነፋሱ ግን የእኔን ስፌት አላከበረም። ከሩቅ ሳያት ሻሹ ተነፍቶ፣ የሆነ ሰው ከኋላዋ ይዞ የሚጎትታት ይመስል ነበር። ሮጬ ያንን ሰው ባስለቅቃት ብዬ ተመኘሁ፤ ግን ማንም አልነበረም፣ አየር ነው። ከአየር ጋር እንዴት ይጣሏል?

አራተኛ፤ ስለ ውሃው። በየመንገዱ ይኖራሉ የተባሉት የውሃ ጠረጴዛዎች በሙሉ በቦታቸው ነበሩ፤ ይህን በሐቅ እመሰክራለሁ። ውሃው ብቻ ነው ያልነበረው። የእንግዶች ቁጥር ከታሰበው በላይ ስለሆነ የታሸገው ውሃ ወደ ድንኳኑ መዞሩን ኋላ ሰማሁ፤ የተቀመጠ ሰው ከሚሮጥ ሰው ይልቅ እንደሚጠማ የማላውቀው እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ ግን እናት ነኝና ከቤቴ በጆግ ውሃ፣ በሌላ እጄ ኩባያ ይዤ ዳገቱ መካከል ሄጄ ቆምኩ። ክንዱ ላይ ጨርቅ ያሰረ አስተናባሪ መጣና በጣም በትሕትና "እትዬ፣ ከውጭ ሰው ውሃ የተቀበለች ሯጭ እኮ ትሰረዛለች" አለኝ። ጠረጴዛው ባዶ ነው ስለው "አዎ፣ ግን ሕጋዊው ጠረጴዛ እሱ ነው" አለኝ። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተነገረውን ነው የነገረኝ።

ሀኒያ መጣች። ላቧ ፊቷ ላይ ደርቆ ጨው ሆኗል። አየችኝ፤ ጆጉንም አየችው። እኔ እጄን አልዘረጋሁም፣ እሷም አልዘረጋችም። በአጠገቤ ስታልፍ ትንፋሿን ሰማሁት። ወልጄ፣ አጥብቼ ያሳደግኳት ልጅ ውሃ ጠምቷት፣ እኔ ውሃ ይዤ ቆሜ አሳለፍኳት። ካለፈች በኋላ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ጆጉን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ። እንዲህ ያለ አቅም ማጣት በሕይወቴ አጋጥሞኝ አያውቅም። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ደንባችሁ ምን ያህል እንደተከበረ አውቃችሁ ደስ እንዲላችሁ ብዬ ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ምክራችሁ። ሽልማቱ ከተሰጠ በኋላ በድምፅ ማጉያ ባስነበባችሁት ማጠቃለያ ላይ፣ የሞጣ ሯጮች ሰዓት ከቢቸናዎቹ ጋር ሲነጻጸር መዳከም እንደሚታይበት፣ ይህም ከጥረት ማነስ የመጣ መሆኑን፣ ለወደፊቱ ጠንክረው መሥራት እንዳለባቸው ገልጻችኋል። ልጆቹ ይህን የሰሙት በየጥላው ተዘርረው፣ አንዳንዶቹም ወደ ላይ እያላቸው ነበር። ሀኒያ የግድግዳ ሰዓቷን ታቅፋ ቆማ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ቤት ስንገባ "እማዬ፣ ሌላ ምን ማድረግ ነበረብኝ?" ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ በአክብሮት ወደ እናንተ አስተላልፌዋለሁ፤ እኔ መልሱን አላውቀውም።

ስድስተኛ፤ ስለ ማስረጃው። ይህ ረዘም ይላል፤ መንገዱ ነው ያስረዘመው። ውጤቱ እንደ ተለጠፈ አቤቱታዬን ይዤ ቢቸና ወዳለው ቢሯችሁ ሄድኩ። አቶ ይታያል በክብር ተቀበሉኝ፣ ሻይም ጋበዙኝ፣ ሰምተው ሲጨርሱም "ሰው ይዋሻል እንጂ ሰዓት አይዋሽም፣ እትዬ ሳብሪያ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሰዓት አይዋሽም፤ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል። ስንት ፈጀባት ተባለ፣ ይህን ያህል አለ። በምን ላይ ሮጣ፣ በየትኛው ፀሐይ ነው ብሎ የጠየቀው የለም። እኔ ለደንበኛ ጨርቅ ስለካ ለአንዱ ወጥሬ ለሌላው አላልቼ አልለካም፤ እንዲያ ባደርግ ሜትሩ ያው ሜትር ነው፣ አንደኛው ደንበኛ ቤቱ ገብቶ ሲያሰፋው ግን ቀሚሱ ያጥርበታል። ይህን ብነግራቸው "እሱ ንግድ ነው፤ ይህ ስፖርት ነው" አሉኝና፣ ነፋስ ነበረ የምትዪ ከሆነ ነፋስ መንፈሱን የሚያረጋግጥ፣ ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ አቅርቢ ብለው ሸኙኝ።

ቀበሌ ሄድኩ። የመኖሪያ፣ የጋብቻና የሞት ማስረጃ እንሰጣለን፤ የነፋስ ግን ሰጥተን አናውቅም አሉኝ። ሌላ ቢሮ ላኩኝ፤ እዚያ ያሉት ዝናብ እንጂ ነፋስ አንለካም አሉ፤ ያን ቀን ደግሞ ዝናብ አልዘነበም። በሦስተኛው፣ ነፋስ የሚለካው መሣሪያ ያለው ራቅ ያለ ከተማ ነው ተባልኩ። ሱቁን ለአብዱልሐኪም ትቼ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ እዚያ ድረስ ሄድኩ። ሰዎቹ ደግ ነበሩ፤ መዝገባቸውን ገልጠው አዩልኝ፤ በእነሱ ከተማ በዚያን ቀን ይህ ነው የሚባል ነፋስ አልነበረም። እኔም ድካሜ ከንቱ እንዳይቀር ብዬ፣ ባዶ እጄን ከምመለስ ብዬ፣ ይህንኑ ጽፈው ማኅተም እንዲመቱልኝ ለመንኳቸው፤ መቱልኝ። ማኅተም ያገኘሁት እዚያ ብቻ ስለሆነ አምጥቼ ለአቶ ይታያል ሰጠኋቸው። አነበቡና "ይኸው፣ ነፋስ አልነበረም" ብለው ፋይሉ ውስጥ ከተቱት። ጉዳዬ ላይ እስከ ዛሬ ማኅተም ያለበት ማስረጃ እሱ ብቻ ነው፤ በእኔ ላይ ሆኖ ተቀምጧል።

በመጨረሻ ቢቸግረኝ የክቡር እንግዳውን ባርኔጣ በምስክርነት ጠራሁ። አቶ ይታያል ጥቂት አሰቡና "ክቡርነታቸው ስለ ባርኔጣቸው ያቀረቡት ቅሬታ የለም" አሉኝ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን እንደምሞክረው ግን አላውቅም ነበር።

ከዚህ በታች ያለውን ቅሬታ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም።

አራተኛ ሆና የተመረጠችው ይርጋነሽ የምትባል የቢቸና ልጅ ናት። ከሀኒያ ጋር በልምምድ ይተዋወቃሉ፤ አንዷ አንዷ ቤት አድራ ታውቃለች፤ አብረው ሮጠው ደግሞ ይርጋነሽ አንድም ቀን ቀድማት አታውቅም። ይህን የነገረችኝ ሀኒያ አይደለችም፣ ይርጋነሽ ራሷ ናት። ምርጫው በተነገረ በሳምንቱ ከቢቸና ተሳፍራ ሱቄ ድረስ መጣች። ወንበር ባቀርብላት አልቀመጥም አለች። እንዳቀረቀረች "እትዬ ሳብሪያ፣ ያን ቀን እኮ እኔ አይደለሁም የሮጥኩት፤ ቁልቁለቱ ነው ያስገባኝ፣ ነፋሱ ነው የገፋኝ። የሷን እንጀራ ነው የበላሁት" አለችኝ። ቦታዋን ለሀኒያ ልትለቅ ወደ እናንተም መጥታ ነበር። እናንተም የተመረጠ ሰው ቅሬታ ማቅረብ እንደማይችል፣ ቦታዋን ብትለቅም ቦታው ይዘጋል እንጂ ወደ ሞጣ እንደማይሻገር አስረድታችኋታል። ስላስረዳችኋት አመሰግናለሁ።

ሀኒያ ከጓዳ ጨርቅ ስታጥፍ ሰምታ ወጣች። "ሂጂ አንቺ! ብትቀሪልኝ ምን ይረባኛል? ሁለታችንም ከምንቀር አንዳችን እንሂድ እንጂ" አለቻትና፣ ለካምፕ ብላ ያስቀመጠችውን አዲስ የስፖርት ካልሲ በፌስታል አድርጋ ሰጠቻት። ከዚያ ተቃቅፈው ተላቀሱ። እኔ በዚያን ሰዓት ለአንዲት ደንበኛ ጨርቅ እየለካሁ ነበር፤ አስበልጬ እንደ ሰጠኋት የገባኝ ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ነው። እናንተ ሁለት ከተማ እንዳይቀያየም ብላችሁ ያን ሁሉ ደከማችሁ፤ እነዚህ ሁለት ልጆች ግን ኮሚቴ ሳያስፈልጋቸው፣ የሚያቀያይም ነገር መካከላቸው ተቀምጦ ሳለ፣ ሳይቀያየሙ ቀሩ። ይርጋነሽ ካምፕ ገብታለች። በርትታ እንድታሸንፍ በየሶላቴ ዱዓ አደርግላታለሁ፤ እሷ ላይ ምንም የለኝም።

ባለቤቴ አብዱልሐኪም ዝምተኛ ሰው ነው። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አይቶ "ሶብር አድርጊ፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው" ብሎኛል። ልክ ነው። እኔም ውሃውን የምወቅጠው ዱቄት ይወጣዋል ብዬ አይደለም፤ ሙቀጫው እንዲሰማ ብዬ ነው። ከዚህ በቀር በእጄ ያለ ነገር የለም። ለልጄ ነፋሱን ላስቆምላት አልቻልኩም፣ ፀሐዩን ልጋርድላት አልቻልኩም፣ ውሃ እንኳ ላጠጣት አልቻልኩም፤ ዕድሜዋን አንድ ዓመት ወደ ኋላ ልመልስላትም አልችልም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ነገር የለኝም። ውድድሩ ይደገም አልልም፤ ውድድሩ ከተደገመ ቁርሱም ይደገማል። ምርጫው ይሻር አልልም፤ ይርጋነሽ ታዝናለች። አንድ ነገር ብቻ ባስቸግራችሁ፣ በሚመጣው ዓመት የሌላ ሰው ልጅ ያንን ዳገት ስትወጣ፣ ከእናንተ አንዳችሁ ከወንበሩ ተነስቶ ዳገቱን በእግሩ ትንሽ ቢወጣው ደስ ይለኛል። መሮጥ የለበትም። ባርኔጣውን ግን በእጁ ቢይዝ ይሻለዋል።

የድንኳናችሁ ጥላ አይጓደልባችሁ፤ ቁርሳችሁ አይቀዝቅዝባችሁ፤ የሄዳችሁበት መንገድ ሁሉ ቁልቁለት ይሁንላችሁ፤ ነፋስም እንደ ቢቸናው ቀን ዘወትር ከኋላችሁ ይሁን።

ማኅተም ስለሌለኝ በፊርማዬ ብቻ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ሳብሪያ ሰይድ
ጨርቅ ነጋዴ፣ የሀኒያ እናት
ሞጣ

ግልባጭ፦
ለደብረ ወርቅ ቁርስ አዘጋጆች፣ ለመስተንግዷቸው ምስጋና እንዲሆን፤
ለመሪጌታ ስጦታው፣ ላልተቀኙት ቅኔ፤
ለሞጣ ነፋስ፣ አድራሻው በየትኛውም ቢሮ ስላልተገኘ በሱቃችን በራፍ ላይ ይለጠፍ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለሀኒያ የሸለማችኋት የግድግዳ ሰዓት ሱቃችን ውስጥ ከመደርደሪያው በላይ ተሰቅሏል። ጥሩ ሰዓት ነው፤ አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም፣ አቶ ይታያል እንዳሉትም አይዋሽም። ሀኒያ አሁን ከሥሩ ቆማ ጨርቅ ትለካለች። ደንበኛ "ልጄ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?" ብሎ ሲጠይቃት ግን ቀና ብላ አታየውም። ከባንኮኒው ዞራ በራፉ ላይ ትወጣለች፤ ፀሐይዋ የት እንደ ደረሰች፣ ነፋሱም በየት በኩል እንደሚመጣ ቆም ብላ ታያለች፤ ከዚያ ተመልሳ ትነግረዋለች። እስካሁን ተሳስታ አታውቅም።